የታሸገ ምግብ በአድናቆትና በውግዘት መካከል፦ ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አኳያ

በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ታሽጎ ስለሚሸጥ ምግብ በኢትዮጵያ ሁለት አስተያየቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የመጀመሪያው አድናቆት ነው። በፕላስቲክ፣ በካርቶን ወይም በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ንፁህና ዘመናዊ፣ በቪታሚን የዳበረ፣ ለልጅና ለታማሚ የሚገባ የክብር ምግብ ተደርጎ ይታያል። ሁለተኛው ውግዘት ነው። ይኸው ምግብ «ኬሚካል ነው» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለልና ለደም ግፊቱም፣ ለስኳሩም፣ ለካንሰሩም፣ ለጨጓራውም ተጠያቂ ይሆናል። የሚያስገርመው ሁለቱም አስተያየቶች ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው አንደበት የሚወጡ መሆናቸው ነው። ጠዋት በጤና ትምህርት ላይ «የታሸገ ምግብ ተዉ» ብሎ የመከረ ባለሙያ፣ ከሰዓት በኋላ የተኛ ዘመዱን ሊጠይቅ ሲሄድ ጁስና ብስኩት በፌስታል ቋጥሮ ይገባል።

አስተያየቶቹ የግል ምርጫ ሆነው ቢቀሩ ባልከፋ ነበር። ይሁን እንጂ የጤና ባለሙያ አስተያየት ከራሱ ማእድ አልፎ የሚሄድ ነው። በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የተነገረ አንድ ዐረፍተ ነገር በማግሥቱ ገበያ ላይ የቤተሰብን ገንዘብ ይመራል። እናት እንቁላሉን ሸጣ ብስኩት ትገዛ እንደሆነ፣ ወይም አዮዲን ያለውን ጨው ትታ ሌላውን ትመርጥ እንደሆነ የሚወስነው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ አስተያየቱ እንደማንኛውም የሕክምና ትእዛዝ ሊመረመር ይገባዋል። ምን ላይ ቆሟል? ለማን ይጠቅማል? ማንንስ ይጎዳል?

ምግቡና መንገዱ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ በሚዘልቀው መንገድ ትገኛለች። ለጋምቦን፣ ከላላን፣ ወግዲንና የሳይንትን ወረዳዎች የሚያካትተው ይህ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ያመርታል፤ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲወረድ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይገኛል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋዶና ተጋብቶ የሚኖርበት አገር እንደመሆኑ የጾም ወራቱም የፍስክ ቀኑም የተለያየ ነው። የበልግ ዝናብ ሲያንስ ወይም ውርጭ ሲመታ ጎተራው ይጎድላል፤ በዚያን ጊዜ ከሱቅ የሚገዛው ምግብ ድርሻው ይጨምራል።

ወደዚህ ደጋ የሚገባው የታሸገ ምግብ ዓይነቱ ብዙ አይደለም። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ማልት፣ ፓስታና መኮሮኒ፣ ኢንዶሚ፣ ስኳር፣ የሚረጋ ዘይት፣ አልፎ አልፎም የዱቄት ወተት ነው። የትልቅ ከተማ ሸማች በሱፐርማርኬት መደርደሪያ መካከል እየተዘዋወረ አንዱን ከሌላው ያስተያያል፤ የደጋው ገዢ ግን በአብዛኛው ከሱቅ መስኮት ውጭ ቆሞ ባለሱቁ ያቀረበለትን ይገዛል። በእሽጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የተጻፈ ነው፤ ገዢው የሚያነበው ሥዕሉን ነው። ብርቱካን የተሣለበት ሁሉ ብርቱካን፣ ላም የተሣለችበት ሁሉ ወተት መስሎ ይታየዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ጉዞ አለ። በሶ፣ ሽሮና በርበሬ በፕላስቲክ ታሽገው በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ይሸጣሉ፤ ባሕር ተሻግረውም ለስደተኛው ወገን ይደርሳሉ። የከተማው ሰው የደጋውን በሶ በገንዘብ ሲፈልግ፣ የደጋው ሰው የከተማውን ብስኩት በገንዘብ ይፈልጋል። ከዚህ ልውውጥ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ማሸግ ብቻውን ምግብን ጥሩም መጥፎም አያደርግም። በሶ ታሸገም አልታሸገም የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው።

ማቀነባበር አዲስ ነገር አይደለም

«ተፈጥሯዊውን እንጂ የተቀነባበረውን አትብሉ» የሚለው ምክር ለጆሮ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን ብዙም አይቆምም። የወሎ ሴት ገብሱን ፈትጋ፣ ቆልታና ፈጭታ በሶ ስታደርገው፣ ሥጋውን ዘልዝላና አድርቃ ቋንጣ ስታደርገው፣ ወተቱን አርግታ አይብና ቅቤ ስታወጣ፣ እንጀራውን አድርቃ ድርቆሽ ስታስቀምጥ ሁሉም ማቀነባበር ነው። በሶ እሳት ሳይፈልግ፣ ሳይበላሽ፣ በውኃ ብቻ ተለውሶ መንገደኛን የሚያደርስ ምግብ በመሆኑ በዘመናዊው አነጋገር ፈጣን ምግብ ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ከገብሱ የተወሰደው ገለባው ብቻ መሆኑ፣ የሚጨመርበትም ሲበላ ትንሽ ጨው ወይም ማር ሆኖ የሚጨምረው በላተኛው ራሱ መሆኑ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛውም ምግብ በእጅም ሆነ በፋብሪካ ሲያልፍ ምን እንደተወሰደበትና ምን እንደተጨመረበት ነው። የብስኩቱ ስንዴ ፍሬውን ከነገለባው አጥቷል፤ በምትኩ ስኳርና ስብ አግኝቷል። የአዮዲን ጨው ግን ምንም አላጣም፤ አዮዲን አገኘ እንጂ። ሁለቱም ከፋብሪካ የወጡ፣ ሁለቱም የታሸጉ ናቸው። በአንድ ስም መጥራታቸው ነው አስተያየቱን የሚያበላሸው።

ጨው፦ ውግዘቱ የሚሳሳትበት ቦታ

ደጋማ ቦታዎች አፈራቸው በዝናብ ስለሚታጠብ አዮዲን ያንሳቸዋል። እንቅርት በወሎ ደጋ እንግዳ ነገር ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእንቅርቱ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ በማኅፀን ባለ ፅንስ አእምሮ ላይ የሚደርሰው የማይመለስ ጉዳት ነው። ለዘመናት ሰዉ ይጠቀምበት የነበረው አሞሌ ይህን ጉድለት አልሞላም። በኋላ ከምፅዋና ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ደግሞ በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ተቋረጠ፤ ቦታውን አዮዲን ያልነበረው የአፍዴራ ጨው ያዘ።

ውጤቱ በአገር አቀፍ ጥናቶች ላይ ታይቷል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው ጥናት ድርሻው ወደ 89 በመቶ ከፍ አለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ የምግብ ምክር በኢትዮጵያ ጥቂት ነው፤ የመጣውም በፋብሪካና በእሽግ በኩል ነው።

«የታሸገ ሁሉ ኬሚካል ነው» የሚለው ንግግር እዚህ ላይ አደገኛ ይሆናል። አዮዲንም ኬሚካል ነው፤ ያለ እርሱ የሕፃን አእምሮ አያድግም። ይህን ያልለየ ምክር የሰማች እናት ርካሹንና ልሙጡን ጨው ብትመርጥ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ለባለሙያው የሚቀረው ሥራ ሌላ ነው፤ ጨው ፀሐይና እርጥበት በማይነካው ክዳን ባለው ዕቃ እንዲቀመጥና ከወጡ መውረጃ ላይ እንዲጨመር ማስረዳት ነው፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋልና።

በጨው ጉዳይ ሌላም ሚዛን መጠበቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ጥናት ግን አማካዩን 8.3 ግራም አድርሶታል፤ ከአዋቂዎችም 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጨው በብዛት የሚመጣው ከፋብሪካ ምግብ በመሆኑ እዚያ የታሸገውን መቀነስ ጨውን መቀነስ ማለት ነው። በቦረናና በሳይንት ገጠር ግን ጨው በአብዛኛው የሚገባው ከወጡና ከድልሁ ጋር ነው። ለደም ግፊት ታማሚው «የታሸገ ምግብ ተው» ብሎ ድስቱን ያልጠየቀ ምክር ከውጭ አገር መጽሐፍ እንዳለ የተቀዳ ምክር ነው።

ዘይት፦ ሁለቱም አስተያየቶች የሚደናገሩበት ቦታ

ከታሸጉ ምግቦች ሁሉ እንደ ዘይት ያነጋገረ የለም። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ለዓመታት በመንግሥት ድጎማ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል የቆየ በመሆኑ በድሀው ቤት የገባው እርሱ ነው። ሰዉ «የሚረጋ ዘይት» ብሎ ሰየመው። ስሙ በደጋው የበለጠ ይገባዋል፤ በቆላ ፈሳሽ ሆኖ የሚሸጠው ዘይት በመካነ ሰላም ብርድ ማለዳ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ይገኛል። ከዚህ መርጋት በመነሣት «በደም ሥርም እንዲሁ ይረጋል» የሚል አስተያየት በሰፊው ተሰራጭቷል፤ የጤና ባለሙያዎችም ሲደግሙት ይሰማል።

አስተያየቱ ግማሹ እውነት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ስለሆነ ይረጋል፤ ይህ ስብ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ዘይቱ በደም ሥር ውስጥ እንደ ጀሪካኑ ይረጋል ማለት ግን ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ መርጋቱ ትልቁን አደጋ አያሳይም። ትራንስ ፋት የሚባለው፣ በፋብሪካ ዘይትን በከፊል በሃይድሮጅን በማጠንከር የሚፈጠረው ስብ ለልብ ከሳቹሬትድ ስብ ይልቅ ጎጂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከምግብ እንዲጠፋ ጥሪ ያደረገበት፣ በ100 ግራም ስብ ውስጥም ከ2 ግራም እንዳይበልጥ የመከረበት ይህ ስብ ነው። ንፁህ የፓልም ዘይት በራሱ የትራንስ ፋት ምንጭ አይደለም፤ በሃይድሮጅን የጠነከረ ስብ የገባበት ብስኩትና ማርጋሪን ግን ሊሆን ይችላል። የሚረጋውን ዘይት ፈርቶ ብስኩቱን የሚያቅፍ አስተያየት ጠላቱን በመልኩ እንጂ በሥራው አላወቀም።

የኑግ ዘይት በአብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ያልረጋ ስብ ስለሆነ ከጤና አኳያ ይመረጣል። ነገር ግን ዋጋው ለብዙው ቤት አይደረስበትም፤ ከሌላ ዘይት ጋር ተደባልቆ መሸጡም ያሠጋል። ስለዚህ «ኑግ ተጠቀሙ» የሚለው ምክር ለድሀ ቤተሰብ ባዶ ቃል ሊሆን ይችላል። የሚቻለው ምክር መጠኑን ማሳነስ፣ የጠበሱበትን ዘይት ደጋግሞ አለመጠቀምና አቅም ሲገኝ የማይረጋውን መምረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሳቹሬትድና ትራንስ ፋት የበዛባቸውን ስቦችና ዘይቶች፣ እንዲሁም ስኳርና ለስላሳ መጠጦችን በታክስ ማካተቱ ጉዳዩ የግል ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ የአገሪቱ ሕግ ራሱ የተቀበለው መሆኑን ያሳያል።

ብስኩት፣ ለስላሳና ማልት፦ አድናቆቱ የሚሳሳትበት ቦታ

አድናቆቱ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በሕፃን አፍና በበሽተኛ ራስጌ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት በቂና የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ሆዱ ትንሽ የሆነ ሕፃን በቀን የሚበላው ጥቂት ማንኪያ ነው። ያ ቦታ በብስኩትና በጣፋጭ ጭማቂ ከተያዘ ለእንቁላል፣ ለወተት፣ ለባቄላና ለአተር የሚተርፍ ቦታ የለም። ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ ግን አያድግም።

ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ሸጦ ለልጅ ብስኩት መግዛት በደጋው የታወቀ ልማድ ነው። ልማዱን ማላገጫ ማድረግ አይገባም፤ እናቲቱ ልጇን ያከበረች መስሏት ነውና። የእንቁላሉ ዋጋ ለሳሙናና ለጋዝም ያስፈልጋል። ሆኖም ከእንቁላሉ ከፊሉ ከገበያ በፊት ለልጁ እንዲቀር መምከር የሚቻለው፣ ብስኩት ከእንቁላል እንደማይበልጥ ራሱ ያመነ ባለሙያ ብቻ ነው።

የታመመን መጠየቅ በወሎ ትልቅ ምግባር ነው፤ ባዶ እጅ መግባትም ነውር ነው። ድሮ በአገልግል የሚመጣው ዛሬ በፌስታል ይመጣል፤ ለስላሳ፣ ጁስ፣ ብስኩት። ከአልጋው ሥር የሚደረደረው ጠርሙስ የወዳጅ ብዛት ምስክር ሆኗል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ተጨማሪ ስኳር ከዕለቱ ኃይል 10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ይህን ሁለተኛውን ልክ ለብዙ አዋቂ ይሞላዋል። የስኳር በሽተኛው ላይ የሚያደርሰው አያጠያይቅም።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ለስላሳ መስጠት ደግሞ ከስሕተት አልፎ ጉዳት ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተብሎ የሚታወቀው ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው እንዲኖረው የተደረገው ውኃው በአንጀት ግድግዳ እንዲያልፍ ነው። ለስላሳ መጠጥ በሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር ሲኖረው ሶዲየሙ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህ ስኳር ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡን ያባብሳል።

በአራስ ቤት ደግሞ ማልት ገብቷል። መጠጡ ጠቆር ያለ ስለሆነ «ደም ይሆናል»፣ «ጡት ያወርዳል» ይባላል። ከአልኮል ነፃ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጣፋጭ የገብስ ውኃ እንጂ ለደም ማነስ መድኃኒት አይደለም፤ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብልንም አይተካም። የሚያሳዝነው፣ የገብስ አገር የሆነው ደጋ ገብሱን ገንፎና አጥሚት አድርጎ አራስ ሲጦር ኖሮ ዛሬ በጠርሙስ የመጣው ገብስ የተሻለ መስሎ መታየቱ ነው። በወሎ የታወቀው ቀሪቦም ከተቆላ ገብስ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ይህን ሲሉ ቀሪቦን ለማወደስ አይደለም፤ እርሱም ስኳር የሚገባበት ነው። አጥሚትና የጎመን ወጥ ለአራሷ ከማልቱ የበለጠ ይሠራሉ፤ ወጪያቸውም ያንሳል።

ፋፋና ፕላምፒ ነት፦ የከበደው ፈተና

ለብዙ የወሎ ቤተሰብ የመጀመሪያው የፋብሪካ ምግብ በገንዘብ የተገዛ አልነበረም። በ1965 እና 1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ በመጠለያና በእርዳታ ጣቢያ የተሰጠ ዱቄት፣ ዘይትና የወተት ዱቄት ነበር። እሽግ ምግብን ከመትረፍ ጋር የሚያያይዘው አክብሮት ከዚህ ትዝታም የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በቀላል ተግሣፅ የሚነቀል አይደለም።

ከዚያም ቀደም ብሎ በ1962 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን ድጋፍ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቶ ነበር። ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቪታሚንና ማዕድን የተቀላቀሉበት ይህ ዱቄት የፋብሪካ ምግብ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከአገሬው ገንፎ የተነሣ ነበር። እህልን ከጥራጥሬ ማዋሐድ የደጋዋ እናት ዛሬም በቤቷ የምትችለው ነው። ፋፋ የተከበረው በእሽጉ ምክንያት ከሆነ ትምህርቱ ጠፋ ማለት ነው፤ በድብልቁ ምክንያት ከሆነ ግን ትምህርቱ በእያንዳንዱ ቤት ሊደገም ይችላል።

ፕላምፒ ነት የበለጠ ያስቸግራል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ የተፈለሰፈው ይህ ምግብ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከቪታሚንና ከማዕድን የተሠራ ነው፤ 92 ግራም የሚመዝነው አንድ እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያም ሂሊና በተባለው ድርጅት ይመረታል። የከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና ወደ ጤና ኬላ ሊወርድ የቻለው እንዲህ ያለ ምግብ በመኖሩ ነው፤ ቀድሞ ሆስፒታል ካልተኛ የማይድን ይመስል የነበረው ሕፃን በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ይድናል።

ይኸው እሽግ ግን በቤት ውስጥ መልኩ ከብስኩት እሽግ አይለይም፤ ይጣፍጣል፤ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ይካፈሉታል፤ አንዳንዴም ወደ ገበያ ይወጣል። «መድኃኒት ነው» ተብሎ ያልተነገረላት እናት ለሁሉም ልጆቿ ማካፈሏ ፍትሕ ነው፤ አንዱን መርጦ ማብላት በቤቷ ሕግ ነውር ነውና። ስለዚህ ስለ እሽግ ምግብ ያለው አጠቃላይ አስተያየት እዚህ ላይ በቀጥታ ሕይወትን ይነካል። የታሸገውን ሁሉ እንደ ጣፋጭ የለመደ ቤት ፕላምፒ ነትንም እንደ ጣፋጭ ይበላል፤ የታሸገውን ሁሉ እንደ መርዝ የፈራ ቤት ፕላምፒ ነትንም ይፈራል። በሁለቱም ቤት የሚጎዳው የታመመው ልጅ ነው።

የውጭው ሚዛንና የአገሩ ሁኔታ

ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ካርሎስ ሞንቴይሮና ባልደረቦቻቸው ምግብን እንደ ማቀነባበሩ ደረጃ በአራት የሚከፍል ኖቫ የተባለ ምድብ አቅርበዋል፤ አራተኛው ምድብ እጅግ የተቀነባበሩት ናቸው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ እንዲመገቡ ተደርጎ ነበር። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ጊዜ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ ክብደታቸውም በአማካይ 0.9 ኪሎ ግራም ጨመረ። ይህ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪ፣ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል ሠራተኛ፣ ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ይደርሳል።

ነገር ግን ምድቡ እንዳለ ወደ ወግዲና ወደ ሳይንት ቢወሰድ ፕላምፒ ነትን ከለስላሳ መጠጥ ጋር በአንድ ረድፍ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሚዛኑ የተሠራው አብልጦ መብላት በሽታ በሆነበት አገር ነው፤ በደጋው ግን በአንድ ቤት አባት በደም ግፊት፣ ልጅ በመቀንጨር ሊታመሙ ይችላሉ። የምግብ ሚዛን ከመነሣቱ በፊት የሚመዘነው ሰው መታወቅ አለበት።

«የጥንቱ ይሻላል» የሚለውም አስተያየት ያለ ምርመራ ሊታለፍ አይገባም። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በዳውንትና ደላንታ በድርቅ ምክንያት ሰዉ ጓያን ዋና ምግቡ ባደረገ ጊዜ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሰንፎ ቀርቷል። በኋላ በዚያው የተደረገው ጥናት ጓያን በእሸቱ፣ በንፍሮና በቆሎ መልክ መብላት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ፣ ከእህል ጋር ማቀላቀል ግን ጉዳቱን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጓያ ያልታሸገ፣ ኬሚካል ያልተጨመረበት፣ ከገዛ ማሳ የተሰበሰበ ምግብ ነው፤ ጉዳቱን የሚወስነው አዘገጃጀቱ ነው። በመጥፎ ሁኔታ የተከማቸ ኦቾሎኒና በርበሬ የሚያፈራው አፍላቶክሲንም ከፋብሪካ አይመጣም።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቅ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አንድ የአሠራር ለውጥ ነው። «የታሸገ ምግብ» የሚለው ስም ከምክር ክፍል ቢወጣ ይሻላል፤ በምትኩ ምግቡ በስሙ ይጠራ። ጨው ከሆነ አዮዲን እንዳለው ይጠየቅ። ዘይት ከሆነ መጠኑና አጠቃቀሙ ይነገር። ብስኩትና ለስላሳ ከሆኑ ለልጅና ለታማሚ የክብር ምግብ እንዳልሆኑ፣ በእነርሱ ገንዘብ ምን ሊገዛ እንደሚችል ይሰላ። ፕላምፒ ነት ከሆነ እንደ መድኃኒት በስም፣ በመጠንና በባለቤት ተለይቶ ይሰጥ፤ ሌሎቹ ልጆች ምን እንደሚበሉም አብሮ ይታሰብ፤ አለዚያ እናቲቱ ማካፈሏን አትተውም።

በ2022 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ የራሷን የአመጋገብ መመሪያ ማውጣቷ ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናል። ሆኖም መመሪያ በአገሬው ምግብ ቋንቋ ካልተነገረ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። «ፕሮቲን ያለው ምግብ» ከማለት «በገንፎው ላይ የባቄላ ዱቄት ጨምሪ» ማለት፣ «ስኳር ቀንሱ» ከማለት «ሕመምተኛ ስትጠይቁ በለስላሳው ፋንታ እንቁላል ወይም ሙዝ ይዛችሁ ኑ» ማለት ይደመጣል። የገላጭ ጽሑፉም ጉዳይ የቁጥጥር ባለሥልጣናት ብቻ አይደለም፤ እሽጉን አገላብጦ ቀኑንና ይዘቱን ማንበብ የሚችል ሰው በቀበሌው ብዙ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም መምህሩ ነው። ያነበበ ለላላነበበው ሊነግር ይገባል።

በመጨረሻም ባለሙያው የሚመክረው በንግግሩ ብቻ አይደለም። በሥልጠናና በስብሰባ ላይ ለሻይ ዕረፍት ለስላሳና ብስኩት የሚያቀርብ የጤና መሥሪያ ቤት ቆሎና ፍራፍሬ ቢያቀርብ ወጪው አይከብደውም። እናቶች የሚሰሙትን ብቻ ሳይሆን የሚያዩትንም ይወስዳሉ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የያዘው ጠርሙስ ከግድግዳው ፖስተር ይልቅ ይታመናል።